የወረታ ቅመም ከወጥ ቤት ወደ መድኃኒት ቤት ለመሻገር ምን ቀረው?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መኪና 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ወረታ ይደርሳል። መንገዱ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር ይዘልቃል፤ ሌላው የአገሬው ሰው "የቻይና መንገድ" የሚለው ሲሆን በደብረ ታቦር በኩል ወልዲያ ይገባል። መንገድ የሚገናኝበት ከተማ ነጋዴና ደላላ አያጣም፤ ወረታም አላጣችም። የሩዝ መፈልፈያዎቿ ይጮኻሉ፣ የሽንኩርትና የቲማቲም ጭነት በወቅቱ ይነሣል፣ ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ደግሞ ደረቅ ወደቡ አለ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከገበያው ጥግ የሚገኘው የቅመም መደዳ ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ ፌጦና ዛላ በርበሬ እዚያ ተደርድረው ይሸጣሉ። ገዥው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛዋ ለሽሮና ለበርበሬ ማዘጋጃ የምትሸምት እመቤት ስትሆን ዋጋ ትከራከራለች፣ በጣቷ አሸት አድርጋ ታሸታለች፣ ገዝታ ትሄዳለች። ሁለተኛው ገዥ ብዙ አይከራከርም። የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀውም "ለጉልበት የሚሆነው የትኛው ነው?" ብሎ ነው።

ለሁለተኛው ገዥ መብዛት ምክንያት አለው። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ጎንበስ ብሎ ይታረማል፤ ውሃና ጭቃ ውስጥ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ማረም ወገብና ጉልበት ይጎዳል። ሐኪሞች ከሦስት ወር በላይ የዘለቀን ሕመም "ሥር የሰደደ" ይሉታል። ለእንዲህ ያለው ሕመም በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጡት እነ ዳይክሎፊናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ሲወሰዱ ያስታግሳሉ። ለወራትና ለዓመታት ከተዘወተሩ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትንም ያባብሳሉ። ስለዚህ ሕመምተኛው ወደ ቅመም መደዳው ቢዞር አይፈረድበትም።

ይህንን የተመለከቱ አንዳንድ ነጋዴዎችና ደላሎች ታዲያ አንድ ሐሳብ ያነሣሉ። በርበሬም ሆነ ጥቁር አዝሙድ በውጭ አገር ለሕመም ማስታገሻነት ተመርምሮ ውጤት ካሳየ፣ የጣና ዙሪያ ምርት ለመድኃኒት ፋብሪካ በውድ ዋጋ የማይሸጠው ስለምንድን ነው? የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። በርበሬም፣ አዝሙድም፣ እጣንም መመርመራቸው እርግጥ ነው፤ ውጤቱ ለጆንያ ነጋዴ የሚያመጣለት ነገር ግን ከሚታሰበው የራቀ ነው።

የሚያቃጥለው ሲያደነዝዝ

በሥር ሰደድ ሕመም ላይ ከተፈተኑት የዕፀዋት ንጥረ ነገሮች መካከል በጥናት ብዛት ከፊት ከሚሰለፉት አንዱ የበርበሬው ካፕሳይሲን ነው። በርበሬን የሚያቃጥለው እሱ ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ካፕሳይሲን በነርቭ ጫፍ ላይ የሚያርፍበትን ተቀባይ ለይተው አወቁ፤ ይኸው ተቀባይ የሚያቃጥል ሙቀትንም የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። በርበሬ የበላ ሰው አፉ "ተቃጠለ" የሚለው በዘልማድ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ለነርቩ እሳትና በርበሬ በአንድ በር የሚገቡ ናቸው። ጁሊየስ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተካፍለዋል።

ካፕሳይሲን በከፍተኛ መጠን ቆዳ ላይ ሲደረግ በመጀመሪያ ያቃጥላል። ቀጥሎ ግን የነርቩ ጫፍ ይደነዝዛል፣ ለሳምንታትና ለወራትም የሕመም መልእክት ማስተላለፉን ይቀንሳል። ይህንን መሠረት አድርጎ የተሠራው 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለው የቆዳ ማጣበቂያ በአሜሪካ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ የተፈቀደውም አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ ለሚቀረው የነርቭ ሕመም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የስኳር በሽታ ለሚያመጣው የእግር ነርቭ ሕመም ተፈቀደ። ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ይዞት አይሄድም። ባለሙያ ጓንት አድርጎ ይለጥፍለታል፤ ለእግር ግማሽ ሰዓት፣ ለአልማዝ ባለጭራ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይነሣል። ከሦስት ወር በፊትም አይደገምም።

ይፈውሳል ወይ? ጥናቶቹን አንድ ላይ አሰባስበው የመረመሩ ባለሙያዎች የደረሱበት ውጤት መጠነኛ ነው። በጣም አነስተኛ መጠን ካለው ማነጻጸሪያ ጋር ሲተያይ በደህና ሁኔታ ተጨማሪ እፎይታ የሚያገኘው በግምት ከአሥር ሰዎች አንዱ ነው። በሌላ መድኃኒት ያልተቻለ ሕመም ላለበት ሰው ይህም ቀላል አይደለም። "ከሥሩ ይነቅላል" ከሚለው የገበያ አነጋገር ጋር ግን ሩቅ ለሩቅ ነው።

ነጋዴውን የሚመለከተው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በመጀመሪያ፣ ማጣበቂያው ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን በፋብሪካ በኬሚካል ሥራ የተሠራ ነው፤ ከማንም ገበሬ ማሳ አንድ ዛላ በርበሬ አይገዛም። ሁለተኛ፣ ከበርበሬ ይውጣ ቢባል እንኳ የሚፈለገው ጥቂት ነው። አንዱ ማጣበቂያ የሚይዘው 179 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ኩንታል ደረቅ በርበሬ 0.2 በመቶ ካፕሳይሲን ቢኖረው 200 ግራም ይወጣዋል፤ ይህም በስሌት ከ1,100 ለሚበልጡ ማጣበቂያዎች ይበቃል። አንድ አይሱዙ የሚጭነው በርበሬ ለስንት ሺህ ሕመምተኛ እንደሚበቃ አንባቢ ያስላው። የበርበሬ ነጋዴ የሚያተርፈው በብዛት ሲሆን መድኃኒት ደግሞ ብዛት አይፈልግም።

በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጡት አነስተኛ መጠን ያላቸው ቅባቶች፣ ማለትም ከ0.025 እስከ 0.075 በመቶ የሚሆኑት፣ የተሻለ በር ይከፍታሉ። ከእነዚህ መካከል ከበርበሬ በሚወጣ ኦሊዮሬዚን በሚባል ወፍራም ጭማቂ የሚሠሩ አሉ። ኢትዮጵያም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም፤ ማረቆ ፋና የሚባለው ደማቅ ቀይ ዝርያ ለኦሊዮሬዚን ፋብሪካ ሲፈለግ የኖረ ነው። ያኔ ዋናው ተፈላጊ ግን ለምግብ ማቅለሚያ የሚሆነው ቀለሙ እንጂ ማቃጠሉ አልነበረም። ለቀለም የሚገዛና ለማቃጠል የሚገዛ ሁለት የተለያዩ ገዥዎች ናቸው፤ አንዱ የሚመርጠውን ዛላ ሌላው ሊጥለው ይችላል።

ደግሞም ውሃ የሚባል ችግር አለ። ክብደት እንዲያነሣ ውሃ የሚረጭበት በርበሬ በየገበያው ያጋጥማል። የረጠበ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያፈራል። በአዲስ አበባ ገበያ በተፈጨ በርበሬና በሽሮ ውስጥ ይህ መርዝ መገኘቱ በሕክምና መጽሔት ከተጻፈ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በአንድ ጆንያ ሁለት ኪሎ ለማትረፍ የሚረጨው ውሃ ለመድኃኒት ገዥ ሙሉውን ጭነት ያስመልሳል።

ጥቁሩ ፍሬ

ጥቁር አዝሙድ ለጣና ዙሪያ ሰው ቅርብ ነው። በተለይ ደንቢያ በአዝሙድና በነጭ ሽንኩርት ስሟ ይነሣል። ለራስ ምታትና ለጉንፋን አዝሙዱን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ፣ አሸት አሸት አድርጎ መሳብ በየቤቱ የታወቀ ነው። ምርምሩ የሚያተኩረው በዘይቱ ላይ ሲሆን ታይሞኩዊኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የእብጠትና የቁጣ ምልክቶችን እንደሚቀንስ በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል።

በሰው ላይ ከተደረጉት መካከል በኢራን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው አንዱ ነው። የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው 40 አረጋውያን በየተራ ለሦስት ሳምንት የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጉልበታቸውን ተቀቡ፣ በሌላው ዙር ደግሞ የፓራሲታሞል ክኒን ወሰዱ። በሁለቱም ሕመሙ ቀነሰ፤ በዘይቱ ግን የበለጠ ቀነሰ። ለአዝሙድ ነጋዴ ደስ የሚል ወሬ ነው። ነገር ግን ዘይት እየተቀባ ያለ ሰው ዘይት እየተቀባ መሆኑን ያውቃል፤ ጉልበቱንም በቀን ሦስት ጊዜ ያሻል። የቀነሰው ሕመም ስንቱ ከአዝሙዱ፣ ስንቱ ከማሸቱ፣ ስንቱስ ከተስፋው እንደሆነ 40 ሰው አይለየውም። ለመድኃኒት ፈቃድ የሚቀርብ ጥናት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሽታውና ቀለሙ የሚመሳሰል ማስመሰያ ዘይት፣ የወራት ክትትልም ይጠይቃል።

እርድ ከዚህ አንድ እርምጃ ሄዷል። በታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት 367 የጉልበት ሕመምተኞችን ለአራት ሳምንት ተከታትሎ የእርድ ጭማቂው ከአይቡፕሮፌን የማያንስ እፎይታ መስጠቱንና ሆድ ላይ የቀለለ መሆኑን አሳይቷል። እርድ ግን ለፎገራ ገበያ ከሩቅ ደቡብ ምዕራብ የሚመጣ እንግዳ ነው።

በሌላ በኩል በዘይትና በእንክብል ስም የሚነግዱ ሐሰተኞች የመስኩን ስም አጥፍተዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 "አርትሪ ኪንግ" በሚል ስም ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲሸጥ የነበረ የዕፀዋት እንክብል በውስጡ ዳይክሎፊናክና ዴክሳሜታዞን የተባሉ መድኃኒቶች ተደብቀው መገኘታቸውን ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ሕመምተኛው የሸሸው ከዳይክሎፊናክ ነበር፤ "ተፈጥሮ" የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት መልሶ ዋጠው። አንድ "ዕፅ" በአንድ ቀን ውስጥ ተአምር ሲሠራ ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሚጠረጥሩት ይህንኑ ነው።

ጓያ የሚመሰክረው

የፎገራ ሰው "ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም" የሚለውን አባባል በቀላሉ የሚቀበል መሆን የለበትም። ምስክሩ ከደጁ አለለት።

ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ሳይደርቅ በቀረው እርጥበት የሚዘራው ጓያ ነው። ዝናብ አይፈልግም፣ ውሃ ቢተኛበት አይሞት፣ ማዳበሪያም አይጠይቅ። በችግር ጊዜ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይገኛል፤ ክፋቱም የሚታየው ያኔ ነው። ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ለሁለትና ለሦስት ወር የበላ ሰው እግሩ ሊከዳው ይችላል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በደንቢያና በፎገራ ገጠሮች በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና በባልደረቦቻቸው የተደረገው የቤት ለቤት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲታተም፣ የጓያ ሽባነት በአካባቢው በስፋት የሚገኝ የነርቭ ጉዳት መሆኑን ለዓለም አስታውቋል።

ጉዳቱን የሚያደርሰው ኦዳፕ የሚባል የፍሬው ንጥረ ነገር ነው። ሕመምና እንቅስቃሴን የሚያስተላልፉ ነርቮች የሚነጋገሩበትን ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል እየመሰለ ገብቶ ነርቭን ከመጠን በላይ ያነቃዋል፣ በመጨረሻም ይገድለዋል። የሚገርመው ግን ይኸው ኦዳፕ በቻይና የባህል ሕክምና ደም ለማቆም ከሚያገለግል የጂንሰንግ ዘመድ ሥር ውስጥም መገኘቱ ነው። በአንዱ አገር መድኃኒት ተብሎ ይፈለጋል፣ በሌላው አገር ሽባ ያደርጋል። ልዩነቱ በመጠኑና በአወሳሰዱ ላይ ነው።

ለጓያ የተገኘውም መፍትሔ በመለካት የመጣ ነው። አጥኚዎች ዝርያዎችን እየለኩ ኦዳ፛ቸው ዝቅተኛ የሆኑትን መረጡ፤ "ዋሴ" የተባለው ዝርያ ከዚህ የተገኘ ነው። ይህ የሚያሳየው የመለኪያ ዘዴውም ዕውቀቱም በአገር ውስጥ መኖሩን ነው። ጓያን ለመፍራት የዋለው ሚዛን አዝሙድን ለመሸጥም ሊውል ይችላል።

ከአይጥ በኋላ ያለው ገደል

በኢትዮጵያ የሕመም ማስታገሻ ዕፀዋት ምርምር የለም ማለት አይቻልም። በአገራችን በቅሎ የሚገኘው "ድንገተኛ" የሚባለው ሥር ድንገት ለሚነሣ የሆድ ቁርጠትና ትኩሳት ሲታኘክ ኖሯል፤ በገበያም በትንንሽ እስር ይሸጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ምሁር ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው በጉዳዩ ላይ ጥናቶቻቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ሥሩ የአንጀት ጡንቻን መኮማተር እንደሚያላላም በቤተ ሙከራ ታይቷል። ከዚያ ወዲህም ራስ ክምር እ.ኤ.አ. በ2018፣ የምድር እምቧይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተሙ ጥናቶች በአይጦች ላይ ሕመም መቀነሳቸው ተዘግቧል። በወረታ ጎረቤት በሊቦ ከምከም፣ በጣራ ገዳም ደን ዙሪያ፣ ሕዝቡ ለመድኃኒትነት የሚጠቀምባቸው ከመቶ በላይ ዕፀዋት እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ተመዝግበዋል። ወረታ ራሷም ከጥንታዊው የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከባሕር ዳርና ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የተቀመጠች ናት።

ችግሩ ያለው አይጧ ላይ ነው። የተለመዱት ሙከራዎች ሁለት ሦስት ናቸው። አሴቲክ አሲድ በሆዷ ተወግታ ስንት ጊዜ እንደምትኮማተር ይቆጠራል፤ ወይም በጋለ ሳህን ላይ ቆማ እግሯን እስክትልስ ያለው ሰከንድ ይለካል። ይህ የሚለካው ለደቂቃዎች የሚቆይ ሕመምን ነው። አሥር ዓመት የቆየ የወገብ ሕመም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነርቩም አእምሮውም በጊዜ ብዛት ተለውጧል። በሳህን ላይ የሠራ ዕፅ በገበሬው ወገብ ላይ ይሠራል ማለት አይቻልም። አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ጥናቶች ግን እዚሁ ላይ ይቆማሉ። ተማሪው ይመረቃል፣ ጽሑፉ ይታተማል፣ ዕፁ ወደ ጫካው ይመለሳል።

ለማቆሙ ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው። ከአይጥ ቀጥሎ ያለው ደረጃ የመርዛማነት ምርመራ፣ በአንድ ዓይነት መጠን የተዘጋጀ ምርት፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሰው ሙከራ ፈቃድ፣ ለተሳታፊዎቹም ዋስትና ይጠይቃል። ይህ በዩኒቨርሲቲ የምርምር በጀት የሚሸፈን አይደለም። የግል ባለሀብት ደግሞ ለዘመናት ሁሉም የሚያውቀውን አዝሙድ በገንዘቡ አስመርምሮ ውጤቱን ሌላው ቢጠቀምበት ማን ይክሰዋል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱም መሠረት አለው።

የናሚቢያ ሥርና የመተማ እጣን

ከአፍሪካ ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ በእንግሊዝኛ "የሰይጣን ጥፍር" እየተባለ የሚጠራው ሥር ነው። ከካላሃሪ በረሃ ተቆፍሮ፣ ተከትፎና ደርቆ ወደ አውሮፓ ይላካል፤ ትልቋ አቅራቢ ናሚቢያ ናት። በአውሮፓ ለወገብና ለጉልበት ሕመም በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል። በወገብ ሕመም ላይ የተደረጉት ጥናቶች በቀን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ሃርፓጎሳይድ የሚሰጥ መጠን ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ መሆኑን አሳይተዋል። የአውሮፓ የመድኃኒት መዘርዝር ደግሞ ደረቁ ሥር ቢያንስ 1.2 በመቶ ሃርፓጎሳይድ እንዲኖረው ያዛል። ከዚያ በታች የሆነው ጭነት ኪሎው ምንም ያህል ቢሆን ለመድኃኒትነት አይገባም። ይህ ሁሉ ሆኖ ቆፋሪው የሚያገኘው ከመጨረሻው ዋጋ ጥቂቱን ነው፤ ክኒኑ የሚሠራው አውሮፓ ነውና።

የእኛው እጣንም ተመሳሳይ መንገድ ላይ ቆሟል። ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚሰበሰበው እጣን በአብዛኛው ሙጫው እንዳለ ተመርጦ በጥሬው ይሸጣል። በጉልበት ሕመም ላይ በሰው የተፈተነው ግን የሕንዱ የእጣን ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003ና በ2008 የታተሙት የሕንድ ጥናቶች ሕመም መቀነሱን ካሳዩ ወዲህ የሕንድ አምራቾች የቦስዌሊክ አሲዱን መጠን በመቶኛ ጽፈው በክኒን መልክ ይሸጣሉ። የመተማው እጣን ከዚሁ ወገን የሆነ ንጥረ ነገር አለው። የጎደለው በመቶኛ የተጻፈ ወረቀት ነው። በዚህ ላይ ዛፉ ያለ ዕረፍት እየተደማ፣ ችግኙም በከብትና በእሳት እየጠፋ መመናመኑን እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት አሳስቧል፤ ገበያው ዛሬ ቢከፈት እንኳ ዛፉ ይጠብቀው እንደሆነ አጠራጣሪ ነው።

ወረቀቱና ጆንያው

ሕጉን በተመለከተ ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ የሚያምታቱት ነገር አለ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለሚጠቀም ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ከጥቅሙም ለማኅበረሰቡ እንዲያካፍል ያስገድዳል። በርበሬን ለወጥ፣ አዝሙድን ለዳቦ የሚሸጥ በዚህ አይነካም፤ አዋጁ ለቀጥታ ፍጆታ የሚሸጥ ምርትን ትቶታል። ያው አዝሙድ ለመድኃኒት ፍለጋ ሲላክ ግን ጉዳዩ ይለወጣል፤ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ደጅ መርገጥ ይመጣል። "ናሙና ብቻ ነው" ተብሎ በሻንጣ የሚወጣው ግማሽ ኪሎ ከሃያ ኩንታል ጭነት የከበደ የሕግ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ወረቀት ብቻውንም አያድንም። በጤፍ የሆነው ይታወሳል። በ1997 ዓ.ም. ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ጥቅም የመጋራት ስምምነት ተፈረመ፤ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፣ ከዚያም ከሰረ። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ያገኘችው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት የዚያን አገር የባለቤትነት መብት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ ነው።

ታዲያ ለወረታ ነጋዴ የሚቀረው ምንድን ነው? የመድኃኒት ፋብሪካ ሕልሙን ለጊዜው ትቶ ገዥ የሚጠይቀውን ቢያይ ይሻለዋል። ለቅባትም፣ ለእንክብልም፣ ለምርምርም የሚገዛ ሰው የሚጠይቃቸው ተመሳሳይ ናቸው። ዝርያው የትኛው ነው? ከየት ማሳ፣ በየትኛው ወር ተሰበሰበ? እርጥበቱ ስንት በመቶ ነው? አፍላቶክሲንና የተባይ መድኃኒት ቅሪት ተመርምሯል? የሚፈለገው ንጥረ ነገር በመቶ ስንት አለው? በሚቀጥለው ዓመትስ ያው ይሆናል? ከእነዚህ ውስጥ በሳይንቲስት ብቻ የሚመለሱት ሁለት ቢሆኑ ነው። የቀሩት የመጋዘንና የመዝገብ ሥራዎች ናቸው።

ወረታ ይህንን በሩዝ አይታዋለች። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን ወደ ፎገራ ሲያስገቡ "ኤክስ ጅግና" የሚባለው ዝርያ ሜዳውን ወረሰ። ምርቱ በዛ፣ መፈልፈያው በዛ፤ ነገር ግን ልዩ ልዩ ዝርያ እየተቀላቀለ፣ ሳይደርቅ እየተፈለፈለ፣ ፍሬው እየተሰበረ አዲስ አበባ ሲደርስ ከውጭ በመጣው ሩዝ ፊት አንገቱን ደፋ። ዛሬ በከተማዋ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ስለ ዝርያ ንጽሕናና ስለ አደራረቅ የሚነገረውን ነጋዴው ሰምቶታል። የሰማው ግን ለሩዝ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት የጭነቱን ምልልስ ሲያስቸግር ደግሞ "የተገኘውን ቶሎ ጭነህ ሂድ" የሚለው አሠራር ይበልጥ ሥር ሰዷል።

በቅመም መደዳው ያለው ሰብሳቢ ነጋዴ ከደንቢያ የመጣውንም፣ ከሊቦ የመጣውንም፣ ከእዚሁ ከፎገራ የተገዛውንም አዝሙድ ሲቀበል ዋጋው አንድ ነው፤ ስለዚህም በአንድ ጆንያ ይገለብጠዋል። ለእያንዳንዱ የተለየ ጆንያ ይዞ፣ የቀበሌውንና የወሩን ስም በላዩ ቢጽፍ ተጨማሪ ሳንቲም የሚከፍለው ገዥ ገና አልመጣም። ገዥው ደግሞ ጆንያው ተለይቶ እስኪጠብቀው ድረስ እዚያ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። ለጉልበቱ የሚሆን ፍለጋ የመጣው ሰው በበኩሉ በአንድ ስኒ ተለክቶለት፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎለት ሄዷል።